ማሽኑን ከመግዛትዎ በፊት ፊደሉን ይለኩ

የስም ሰሌዳና የበር ላይ ጽሑፍ በእንጨት እቤትዎ ለመሥራት አስበው፣ ትልቅ ራውተር (በሚሽከረከር ስለት እንጨት የሚቦረቡር የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ይሻለኛል ወይስ የሌዘር ማሽን ብለው ጠይቀዋል። በትርፍ ጊዜዬ ለዓመታት በዚህ ሥራ ስደክም የተረዳሁት ምርጫው ከፊደሉ እንደሚጀምር ነው። ስለዚህ ሊቀርጹት ያሰቡትን ቃል አስቀድመው በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት ላይ ያውጡና የፊደሉን ቀጭን መስመር ስፋት በማስመሪያ ይለኩ።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። የመጀመሪያው ሰሌዳዬ «የንባብ ቤት» የሚል ነበር። በውሰት ባገኘሁት ከባድ ራውተር ስቀርጽ፣ በ«ቤ» እግር ላይ ባለችው ቀለበት መካከል የቀረችው፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንሰው እንጨት ተፈንቅላ ወጣችና ጽሑፉ «የንባብ ቢት» ሆኖ ቀረ። ፊደላችን በአንዲት ቀለበት ወይም በአንዲት ቅጥያ ድምፁን ስለሚለውጥ፣ ለእኛ ከማሽኑ ጉልበት ይልቅ ለእጅ መታዘዙ ይበልጣል።

ስለዚህ ቁመታቸው ከ5 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ለሚደርስ ፊደሎች የምመክርዎ በአንድ እጅ የሚያዘውን ትንሹን ራውተር፣ ማለትም ትሪመሩን ነው። ፑንታ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ የሚገጠመውን ስለት፣ ሲገዙ በማሽኑ የሚያዘውን የአንገቱን ውፍረት ያረጋግጡ፤ አንዳንዱ ማሽን 6፣ አንዳንዱ ደግሞ 6.35 ሚሊ ሜትር ይይዛል፣ ልዩነቱም ትንሽ ቢመስል ቀጭኑ አንገት በሰፊው መያዣ ውስጥ ላልቶ ሊወረወር ይችላል። ፑንታውን ሲቀይሩ ደግሞ ሁልጊዜ ሶኬቱን ይንቀሉ።

ለፊደል የሚሆነው ፑንታ ጫፉ የሾለው፣ የቪ ቅርጽ ያለው ነው፤ በብዛት የሚገኘውም ባለ 60 እና ባለ 90 ዲግሪ ነው። ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነን መስመር ለማውጣት ባለ 90ው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲጠልቅ፣ ባለ 60ው ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህም ጥላው ጠቆር ይልና ጽሑፉ ከሩቅ ይነበባል። ለጀማሪ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው፦ እጅዎ አንድ ሚሊ ሜትር ቢስትና ፑንታው ከታሰበው በላይ ቢጠልቅ፣ ባለ 90ው መስመሩን በ2 ሚሊ ሜትር ሲያሰፋው ባለ 60ው የሚያሰፋው በ1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እኔ አንዱን ብቻ ግዛ ብባል ባለ 60ውን እገዛለሁ። ጥልቀቱንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ዙር ያውጡት።

ራውተሩን ከራስዎ ወደ ፊት ሲገፉት ወደ ግራ ማፈንገጡ የማሽኑ ብልሽት አይደለም፤ ፑንታው ከላይ ሲታይ ወደ ቀኝ ስለሚዞር እንጨቱ መልሶ ወደ ግራ ይገፋዋል። ስለዚህ ቀጥ ላለ መስመር መምሪያ የሚሆነውን ጣውላ በግራ በኩል ይሰሩት። ለማሰሪያው ቢያንስ ሁለት ጠንካራ ሞርሴቶ (እንጨትን ከጠረጴዛ ጋር አጥብቆ የሚይዝ መቆንጠጫ) ያስፈልግዎታል፤ ሰዎች በዚህ ላይ ለምን እንደሚቆጥቡ አይገባኝም፣ ምክንያቱም የሚንቀሳቀስ ሰሌዳ ላይ የትኛውም ማሽን ደህና ፊደል አያወጣም።

ለቀለበቶቹ ግን ራውተሩን ይተዉት። በቀለበቱ ውስጥ የምትቀረው እንጨት ጅማቷ አጭር ስለሆነ በትንሽ ንዝረት ትሰነጠቃለች። እኔ ዛሬ ዙሪያዋን በስለታም ቢላ አስቀድሜ እቆርጥና ጎድጓዳውን 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መሮ፣ ወደ ውጭ እየገፋሁ በቀስታ አወጣለሁ። መሮውን ሲገዙ መሳያ ድንጋይም አብረው ይግዙ፤ የደነዘዘ መሮ እንጨቱን ሳይቆርጥ ይጨፈልቀዋል።

ሌዘርን በተመለከተ፣ ለደቃቅ ጽሑፍ ግሩም ነው፤ ነገር ግን የሚተወው ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ የተቃጠለ ምልክት ነው እንጂ የተቀረጸ ፊደል አይደለም። ለማሽኑ ብርሃን የተሠራ መነጽርና የጢስ ማውጫ ስለሚጠይቅም ለመጀመሪያ መሣሪያነት አልመርጠውም። ለራውተሩም ቢሆን የዓይን መከላከያ፣ የአቧራ ጭንብልና የጆሮ መድፈኛ ከመጀመሪያው ቀን ያዘጋጁ።

በመጨረሻ ፊደሉን ቀለም ለመቀባት ካሰቡ፣ ቀጭን ብሩሽና ቫርኒሽ በግዢ ዝርዝርዎ ውስጥ ያስገቡ። ከቀለሙ በፊት ጎድጓዳውን ስስ ቫርኒሽ ካልቀቡት ቀለሙ በጅማቱ ተስቦ ከፊደሉ ውጭ ይፈሳል። ከደረቀ በኋላ ፊቱን ባለ 180 የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለው ሲፈገፍጉት፣ ከፊደሉ ያለፈው ቀለም ይለቅና የፊደሉ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይወጣል።