ለቶበርሞሪ ጠያቂ፦ የጅቡቲን የዳይቪንግ ክብደት (እርሳስ) እንዳለ አትታጠቅ

«የድሬ ልጅ ነኝ፤ ጅቡቲ ላይ ኦፕን ዋተር (የጀማሪ ዳይቪንግ ኮርስ) ጨርሻለሁ። ነሐሴ ላይ ካናዳ እህቴ ጋ ስሄድ ቶበርሞሪ ሐይቅ ውስጥ የሰመጡትን መርከቦች ማየት እፈልጋለሁ፤ ምን ላዘጋጅ?» ላልከው ወንድሜ፦

1. እርሳስ። የባሕር ውሃ ከሐይቅ ውሃ 2.5 በመቶ ገደማ ይከብዳል። አንተና ዕቃህ 100 ኪሎ ከሆናችሁ፣ በዚያው ልብስ 2.5 ኪሎ ያህል እርሳስ ትቀንሳለህ። እዚያ ግን ወፍራም ዌት ሱት (የላስቲክ ዳይቭ ልብስ) ወይም ድራይ ሱት (ውሃ የማያስገባ ልብስ) ስለምትለብስ እርሳሱ መልሶ ይጨምራል። ስለዚህ ለካ እንጂ አትገምት፦ የአየር ሲሊንደርህ 50 ባር ግፊት ሲቀረው፣ ቢሲዲው (በአየር የሚነፋው ሰደርያ) ባዶ ሆኖ፣ እንደወትሮህ አየር ስበህ ስትይዝ ውሃው ዓይንህ ላይ ይቆም፤ ስታስወጣ ስመጥ። በሙሉ ሲሊንደር ከለካህ 2 ኪሎ ጨምር፤ የምትጨርሰው አየር ራሱ ክብደት አለው።

2. ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር የምትስብበት ዕቃ)። ገንዘቤን የበላው ይሄ ነው። ላዩ ሞቅ ቢልም ከታች ውሃው እስከ 4 ዲግሪ ይወርዳል። የታመቀ አየር ሲለቀቅ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ፈርስት ስቴጁ (ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረው የሬጉሌተሩ ክፍል) ውስጥ በረዶ ይሠራና ቫልቩ ክፍት እንዳለ ይቀራል። አየሩ ሳታቆመው ይፈሳል፤ 20 ሜትር ላይ ሲሊንደር በደቂቃዎች ያልቃል። ያከራየኝ ሱቅ ለሙቅ ውሃ የሚሆነውን ሰጥቶኝ ሲፈስብኝ «ጥፋቱ ያንተ ነው» ብሎ የቀኑን ክፍያ እንኳ አልመለሰም። አንተ ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ፣ ውሃ የማይገባው ፈርስት ስቴጅ ካልሰጡኝ በል። ውሃ ውስጥ ሳትገባ አትተንፍስበት፤ የፐርጅ ቁልፉንም (ሲጫኑት አየር የሚለቀውን) አትጫን። ቢሲዲህን በአጭር በአጭሩ ሙላ፣ ያውም አየር በምትስብበት ቅጽበት አይሁን። ከፈሰሰብህ አፍህን አትግጠም፤ ከሚፈሰው እየቀመስክ ከጓደኛህ ጋር ውጣ፣ ወይም የእሱን ትርፍ ሬጉሌተር ያዝ።

መጀመሪያ ስዊፕስቴክስ ላይ ግባ። 1885 የሰመጠች ባለ ሁለት ምሰሶ የእንጨት መርከብ ናት፤ ጥልቀቷ 6 ሜትር ገደማ ብቻ። በጨው ውሃ እንጨት የሚበላው ትል ሐይቅ ውስጥ ስለሌለ ቀፎዋ ዛሬም ቆሟል፤ የቀይ ባሕር ዳይቨሮች ይህን አያገኙትም! አረቢያ የምትባለው ግን ከ30 ሜትር በታች ናት፤ ያንተ የኦፕን ዋተር ወረቀት እስከ 18 ሜትር ነውና ተዋት። ከመግባትህ በፊት መመዝገብ ግዴታ ነው። መርከቧ ውስጥ አትግባ፣ አሸዋና ጭቃውንም በእግር መቅዘፊያህ (ፊን) አታንሳ፤ እግርህን እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ምታ።

ሌላው፣ አቦ፣ ከመሄድህ በፊት ጅቡቲ ልምምድ ካደረግህ ማታውኑ ወደ ድሬ እንዳትወጣ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ሐረር ከቀጠልክማ ሐረር ከ1,800 በላይ ናት፣ መንገዱ በሐረማያ ሲያልፍ ደግሞ ወደ 2,000 ይደርሳል። ስትጠልቅ ደምህ ውስጥ ገብቶ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ሆኖ ሊጎዳህ ይችላል፤ የአውሮፕላንን ከፍታ ከመኪናው አይለይም። ከአንድ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ 18 ሰዓት ጅቡቲ ቆይ፤ የባቡር ትኬትህን በዚህ ቁረጥ።