የአሳዳጊነት ትዕዛዝ ሲጣስ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ከቨርጂኒያ የመጡ ናቸው፤ መልሶቹም የቨርጂኒያን ሕግ ይከተላሉ። ሜሪላንድና ዲሲ የምትኖሩ ወገኖች፣ የቅጣቱ መጠንና የቅጾቹ ዓይነት እናንተ ዘንድ ስለሚለይ በዚህ ቁጥር እንዳትመሩ።

ጥያቄ፦ በፍርድ ቤት ውሳኔ ሁለቱ ልጆቼ ከእኔ ጋር ይኖራሉ፤ አባታቸው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ ይወስዳቸዋል። ቀለብ መክፈል ካቆመ አራት ወር ሆነው። እስኪከፍል ድረስ ልጆቹን አላሳየውም ብያለሁ። በሕግ እጠየቃለሁ? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ አዎ፣ ይጠየቃሉ። ብሶትዎ የሚገባን ቢሆንም የቀለቡና የጉብኝቱ ትዕዛዝ ሁለት የተለያዩ ትዕዛዞች ናቸው። እሱ አንዱን ስለጣሰ እርስዎ ሌላውን እንዲጥሱ ዳኛው አይፈቅድልዎትም።

ጉዳቱ የሚመጣው ደግሞ ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው ቅጣት ነው። በቨርጂኒያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 18.2-49.1 መሠረት፣ እያወቀና ሆን ብሎ የአሳዳጊነት ወይም የጉብኝት ትዕዛዝን በግልጽና በጉልህ የጣሰ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ ሲባል የሦስተኛ ደረጃ ሚስዲሚነር (ቀላል ወንጀል) ነው፤ እስከ 500 ዶላር ያስቀጣል። በ12 ወር ውስጥ ከተደገመ ሁለተኛ ደረጃ ይሆንና እስከ 6 ወር እስራት፣ እስከ 1,000 ዶላር ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። በ24 ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ አንደኛ ደረጃ ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል። ከዚህ ውጭ ትዕዛዙን የሰጠው ፍርድ ቤት ራሱ ትዕዛዜ ተደፍሯል ብሎ ሊቀጣ ይችላል።

ሁለተኛው ብዙ እናቶችና አባቶች የማይጠብቁት ነው፤ የልጁን አሳዳጊነት ራሱን ሊያሳጣ ይችላል። አንቀጽ 20-108 ያለ በቂ ምክንያት ጉብኝትን ሆን ብሎ መከልከል አሳዳጊነትን ለመቀየር የሚያበቃ የሁኔታ ለውጥ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ዳኛው አሳዳጊነትን ሲወስን ከሚመዝናቸው ነጥቦች አንዱም እያንዳንዱ ወላጅ ልጁ ከሌላው ወላጅ ጋር ያለውን ግንኙነት ምን ያህል ይደግፋል የሚለው ነው። ስለዚህ ዛሬ ለቀለቡ ብለው የዘጉት በር ነገ በእሱ ጠበቃ እጅ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

ልጆቹን በቀናቸው ይስጡት፤ ለቀለቡ ደግሞ ወደ ቨርጂኒያ የቻይልድ ሰፖርት አስከባሪ ክፍል ያመልክቱ። ይህ ክፍል ከደመወዙ በቀጥታ ያስቆርጣል፣ የታክስ ተመላሹን ይይዛል፣ መንጃ ፈቃዱንም ያሳግዳል። ያልተከፈለው ገንዘብ ከ2,500 ዶላር ከበለጠ የአሜሪካ ፓስፖርት ማውጣትም ሆነ ማደስ አይችልም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ አባት ነኝ። አርብ ማታ ልጄን ልወስድ ስሄድ እናቷ በር አትከፍትም። ፖሊስ ስጠራ “ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው” ብሎ ሄደ። ትዕዛዝ እያለኝ ምን ላድርግ? (ከስፕሪንግፊልድ)

መልስ፦ ፖሊሱ በሩን ሰብሮ ልጅቷን አውጥቶ ባይሰጥዎትም መጥራትዎ ከንቱ አይደለም። የሪፖርት ቁጥር ይቀበሉት። ያ ቁጥር የትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት እንደነበሩ የሚመሰክርልዎ ገለልተኛ ወረቀት ነው።

ከዚያ ትዕዛዙን የሰጠው ፍርድ ቤት ጋ ይመለሱ፤ ብዙ ጊዜ የካውንቲው የወጣቶችና የቤተሰብ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ነው። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ጸሐፊ (ክላርክ) ዘንድ የ“ሾው ኮዝ” ማመልከቻ ይሞላሉ፤ ይህም እናትየው ቀርባ ትዕዛዙን ለምን እንዳልፈጸመች እንድታስረዳ የሚጠይቅ ነው። የትዕዛዙን ቅጂ ያያይዙ። “ሁልጊዜ ትከለክለኛለች” ብለው አይጻፉ፤ ዳኛ “ሁልጊዜ”ን መዝኖ ሊቀጣ አይችልም። እያንዳንዱን ቀን ለየብቻው ይዘርዝሩ፦ ቀኑን፣ ትዕዛዙ የሚለውን ሰዓት፣ እርስዎ የደረሱበትን ሰዓት፣ ምን እንደተባሉ። ከሁሉ በላይ በትዕዛዙ ውስጥ የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደተጣሰ ያመልክቱ። ማመልከቻው ተቀባይነት ካገኘ መጥሪያው ለእሷ ይደርሳል፤ ቀጠሮም ይያዛል።

እነዚህ ማመልከቻዎች የሚወድቁበት አንዱ ምክንያት ትዕዛዙ ራሱ ልል መሆኑ ነው። “ወላጆች በሚስማሙበት ምክንያታዊ ጊዜ ይጎበኛል” የሚል ትዕዛዝ ሰዓትም ቀንም ስለሌለው ተጣሰ ለማለት ይከብዳል። የእርስዎ እንደዚያ ከሆነ ከሾው ኮዙ ጎን ለጎን ትዕዛዙ እንዲሻሻል ያመልክቱ፤ አርብ 6:00 ፒኤም፣ እሑድ 6:00 ፒኤም፣ መረካከቢያው የት እንደሆነ በስም ይጻፍ። ያመለጡዎት ቀናት በሌላ ቀን እንዲካሱልዎም ይጠይቁ።

የጽሑፍ መልእክት ሲለዋወጡ ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር ይጻፉ። “በ12 ሰዓት እመጣለሁ” ያሉት መልእክት ችሎት ፊት ሲተረጎም እኩለ ቀን መስሎ ሊታይና እርስዎ በሰዓቱ ያልመጡ ሊያስመስል ይችላል። ማመልከቻውን በሚያስገቡበት ቀንም ለቀጠሮው የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብ ይጠይቁ፤ ዘመድ አምጥቶ ማስተርጎም የሚበጅ አይደለም።

ልጅቷን ከትምህርት ቤት ወስዶ ማስቀረት ግን በፍጹም አይሞክሩ። ያኔ ጣሹ እርስዎ ይሆናሉ። በተለይ ከቨርጂኒያ ውጭ ካስቀሯት፣ ፖቶማክን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የወንድምዎ ቤት እንኳ ቢሆን፣ ጉዳዩ ከሚስዲሚነር ወጥቶ ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ሊሆን ይችላል፤ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ነው፣ ወይም ፍርድ ቤቱ ሲያቀለው እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር።

ጥያቄ፦ በሽማግሌዎች ፊት ተስማምተን በዓላትን እኔ ጋ፣ ክረምቱን አባታቸው ጋ እንዲያሳልፉ አደረግን። አሁን እሱ ስምምነቱን ትቶ በፍርድ ቤቱ ወረቀት ይከራከረኛል። የሽማግሌዎቹ ስምምነት ዋጋ የለውም? (ከፎልስ ቸርች)

መልስ፦ በሽማግሌ መታረቅ ለልጆቹ ትልቅ በጎ ነገር ነው፤ እኛም እንመክረዋለን። ነገር ግን የፍርድ ቤት ትዕዛዝን የሚለውጠው ዳኛ ብቻ ነው። ስምምነታችሁ ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት፣ ዳኛው የስምምነት ትዕዛዝ አድርጎ እስካላጸደቀው ድረስ የድሮው ትዕዛዝ ይሠራል። አባትየው ዛሬ በድሮው ወረቀት ልጆቹን ቢጠይቅ እርስዎ “ሽማግሌ ፊት ተስማምተናል” ብለው ሊከለክሉት አይችሉም። ሽማግሌዎቹ የተስማማችሁበትን በጽሑፍ እንዲያስቀምጡ፣ እናንተም በሳምንቱ ጠበቃ ወይም ክላርክ ዘንድ እንድትወስዱት አጥብቀን እንመክራለን።

በዓልን ካነሱ አንድ ነገር እንጨምር። በቨርጂኒያ ትዕዛዞች ላይ የሚጻፉት በዓላት የአሜሪካ በዓላት ናቸው። “ክሪስማስ” ማለት ታኅሣሥ 16 (ዲሴምበር 25) ነው እንጂ ገና አይደለም። “ኢስተር” ከእኛ ፋሲካ ጋር አንዳንድ ዓመት ይገጥማል፣ አንዳንድ ዓመት ይራራቃል፤ በ2025 ሁለቱም ኤፕሪል 20 ዋሉ፣ በ2024 ግን የምዕራባውያኑ ማርች 31፣ የእኛ ሜይ 5 ነበር። አንዲት እናት በፋሲካ ማግስት ልጆቹን ስታስቀር በቅን ልቦና የበዓል መብቷ መስሏት ይሆናል፤ ወረቀቱ ግን እንዲያ አይልም። ስለዚህ የስምምነት ትዕዛዙ ሲጻፍ ገና (ጃንዋሪ 7)፣ ጥምቀት፣ የኦርቶዶክስ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽ፣ ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁ ሁለቱ ኢዶች በስም ይግቡ። በየዓመቱ እየተፈራረቁ ማን ጋ እንደሚውሉ፣ ልጁ የሚወሰድበትና የሚመለስበት ሰዓትም ይጻፍ።

ጥያቄ፦ የልጄ አባት ልጁን ለክረምት አዲስ አበባ እወስደዋለሁ ይላል። እዚያው እንዳያስቀረው እፈራለሁ። ልጁ የ9 ዓመት አሜሪካዊ ነው። ምን ማድረግ እችላለሁ? (ከአናንዴል)

መልስ፦ ልጁ ከመሄዱ በፊት የሚሠራው ሥራ ከሄደ በኋላ ከሚሠራው እጅግ ይቀላል። ኢትዮጵያ ያለአግባብ ከአገር የወጡ ሕፃናትን ለመመለስ የወጣው የ1980ው (እ.ኤ.አ.) የሄግ ስምምነት አባል አይደለችም። የአሜሪካን የአሳዳጊነት ትዕዛዝ አዲስ አበባ ላይ ለማስፈጸም በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 458 የተቀመጡትን መስፈርቶች ማሟላት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው አሜሪካም የኢትዮጵያን ፍርድ የምትፈጽም መሆኗ ነው። ይህ ጊዜ ይበላል፤ በዚያ መሐል ልጁ ትምህርት ጀምሮ፣ ከአዲሱ ኑሮ ጋር ተላምዶ ይቆያል።

አሜሪካ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የመውጫ ቁጥጥር የላትም። ትዕዛዝዎ ቦርሳዎ ውስጥ ስላለ ብቻ ቨርጂኒያ ባለው ዳላስ (Dulles) አውሮፕላን ማረፊያ ማንም አያስቆመውም። ስለዚህ፦

ፍርድ ቤቱን ይጠይቁ። ልጁ ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከአሜሪካ እንዳይወጣ፣ ፓስፖርቱ በእርስዎ ወይም በጠበቃ እጅ እንዲቀመጥ፣ ጉዞው ከተፈቀደም የመመለሻ ቀኑና የደርሶ መልስ ትኬቱ በትዕዛዙ እንዲገባ፣ አባትየውም ዋስትና እንዲያስይዝ። በረራው ቀርቦ ከሆነ በአስቸኳይ ያመልክቱ።

ልጁን በስቴት ዲፓርትመንት የሕፃናት ፓስፖርት ማስጠንቀቂያ ፕሮግራም ያስመዝግቡ፤ ቅጹ ዲኤስ-3077 ይባላል። ከዚያ በኋላ በልጁ ስም የፓስፖርት ማመልከቻ ሲገባ ያሳውቁዎታል። ዕድሜው ከ16 በታች ስለሆነ በመሠረቱ የሁለታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል። ነገር ግን ፕሮግራሙ ቀድሞ የወጣ ፓስፖርትን አይሰርዝም፤ የኢትዮጵያን ፓስፖርት ወይም ቢጫ ካርድንም አይመለከትም። ስለዚህ ትዕዛዙ “ማናቸውም አገር የሰጠው የጉዞ ሰነድ” የሚል ቃል ይኑረው።

በረራው በቅርብ ቀን ከሆነና የሚከለክል ትዕዛዝ በእጅዎ ካለ ለስቴት ዲፓርትመንት የልጆች ጉዳይ ቢሮ ይደውሉ፤ ከጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ጋር ሆነው መውጣቱን ለማስቆም የሚሠሩበት መንገድ አለ።

አባትየውም ይህን ይወቅ። ከ16 ዓመት በታች የሆነን ልጅ የሌላውን ወላጅ መብት ለማሰናከል ከአሜሪካ ማውጣት ወይም ውጭ አገር ማስቀረት ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። ዜግነት ያልወሰደ ከሆነ ሌላም አለ። የአሜሪካ ፍርድ ቤት አሳዳጊነት ከሰጠው ሰው አሜሪካዊ ልጅን ውጭ አገር አስቀርቶ የያዘ የውጭ ዜጋ ልጁን እስኪያስረክብ ድረስ ወደ አሜሪካ መግባት አይፈቀድለትም፤ ኢትዮጵያ የሄግ ስምምነት አባል ስላልሆነች ይህ ሕግ ልጁ እዚያ ሲቀርም ይሠራል። እያወቁ ልጁን የሚደብቁና የሚረዱ ዘመዶችም በዚሁ ምክንያት ቪዛ ሊከለከሉ ይችላሉ። ልጅ ልጃቸውን ለማየት ቪዛ ይዘው የሚመላለሱ አያቶች ይህን ሳያውቁ “ልጃችን ነው፣ እኛ ጋ ይደግ” ብለው ይቀበሉታል፤ አስቀድሞ ቢነገራቸው ራሳቸው ይመልሱት ነበር።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ “አባቴ ጋ አልሄድም” ትላለች። አስገድጄ ልላካት? (ከሴንተርቪል)

መልስ፦ ዳኛ የልጅን ፍላጎት እንደ ዕድሜዋና እንደ ማስተዋሏ ይመዝናል፤ ትዕዛዙን የምትሽረው ግን እሷ አይደለችም። አዘጋጅተው፣ ሻንጣዋን ይዘው፣ በሰዓቱ ያቅርቧት። መኪና ውስጥ ገብታ አልወርድም ካለች ለአባቷ እዚያው ይደውሉና ራሱ ያነጋግራት፤ የሆነውን በጽሑፍ ይላኩለት። እምቢታዋ ከቀጠለ ትዕዛዙ እንዲታይ ያመልክቱ። እምቢ የምትለው ስለምትመታ ወይም ስለምትነካ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ቀጠሮ አይጠብቁ። ለፖሊስ ወይም ለካውንቲው የሕፃናት ጥበቃ ይደውሉ፣ ለልጅቷ የጥበቃ ትዕዛዝ እንዲወጣ ያመልክቱ። ቀንና ሌሊት ክፍት የሆነ ማጅስትሬት (አስቸኳይ ትዕዛዝ የሚሰጥ የፍርድ ሹም) ዘንድ የ3 ቀን አስቸኳይ ትዕዛዝ፣ ከዚያ ፍርድ ቤቱ ዘንድ የ15 ቀን ጊዜያዊ ትዕዛዝ ይገኛል፤ ሙሉው ቀጠሮ በዚያ መሐል ይያዛል።

ጥያቄ፦ ሥራ ስላገኘሁ ከልጄ ጋር ወደ ሚኔሶታ ልዛወር ነው። ለማን መንገር አለብኝ? (ከዉድብሪጅ)

መልስ፦ ከመዛወርዎ 30 ቀን በፊት ለፍርድ ቤቱም ለሌላው ወላጅም በጽሑፍ። ማስታወቅ ግን ፈቃድ ማግኘት አይደለም። ሌላው ወላጅ ከተቃወመና አዲሱ አድራሻ ጉብኝቱን የማያስኬድ ከሆነ፣ ዳኛው ሳይወስን ልጁን ይዘው አይነሱ፤ ሥራውን የሚጀምሩበትን ቀን ከተቻለ ከቀጠሮው በኋላ ያድርጉት።