«ደመወዝ፦ በስምምነት» ሲባል ማን ከማን ጋር ተስማማ?

የዛሬው ጥያቄ ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂዋ በ2017 በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀች ልጅ ናት። የመውጫ ፈተናውን አልፋለች፤ ሥራ ስትፈልግ ግን ወራት አለፉ። ቴሌግራም ላይ ያገኘችውን ማስታወቂያ ገልብጣ ልካልኛለች፦

«ጁኒየር ፕሮግራመር እንፈልጋለን። የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመትና ከዚያ በላይ። ሪአክት፣ ላራቬል፣ ፍላተር፣ የሰርቨር አስተዳደር፣ የኔትወርክ ዝርጋታና ግራፊክስ ዲዛይን የሚችል። የድርጅቱን የፌስቡክና የቲክቶክ ገጽ የሚያንቀሳቅስ። ጫናን ተቋቁሞ መሥራት የሚችል። የሙከራ ጊዜ 6 ወር፣ የትራንስፖርት ብቻ ይከፈላል። ደመወዝ፦ በስምምነት። የሥራ ቦታ፦ ድሬዳዋ።»

ከሥሩ እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ ከእነዚህ ውስጥ በደንብ የማውቀው ሁለቱን ነው። ላመልክት ወይስ ልተወው? ደመወዙ ስንት ነው ብዬ ብጠይቅ ገና ሳትጀምር ገንዘብ አየች ይሉኝ ይሆን? አባቴ የተገኘውን ያዢ፣ በኋላ ይስተካከላል ይላል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

መጀመሪያ ይሄን «እርስዎ» አንሺልኝ አቦ! ሽማግሌውም ልጁም «አንተ» በሚባባልበት ከተማ አድገሽ እኔን ሽማግሌ ታደርጊኛለሽ?

ወደ ጉዳይሽ ስገባ፣ አመልክቺ። ግን ሳትጠይቂ እንዳትጀምሪ።

ማስታወቂያውን እስቲ አብረን እናንብበው። ሪአክት የድረ ገጹ ፊት ነው። ላራቬል የጀርባው ሥራ ነው። ፍላተር የስልክ መተግበሪያ ነው። ሰርቨርና ኔትወርክ ሌላ ሙያ ናቸው። ግራፊክስ ሌላ፣ ቲክቶክ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። ቢያንስ የአራት ሰው ሥራ ነው የተዘረዘረው። ይህን ሁሉ በደንብ የሚችል ሰው 0 ዓመት ልምድ ሊኖረው አይችልም።

ይሄ ሁሌ ከተንኮል የሚመጣ እንዳይመስልሽ። እዚህ ከተማ ቀጣሪው ብዙ ጊዜ የሶፍትዌር ድርጅት አይደለም። ሆቴል ያለው ሰው ነው፣ ወይም በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስገባ ነጋዴ። ሲስተም ይፈልጋል፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሠራለት ግን አያውቅም። አንዱ ዘመዱ የአዲስ አበባ ማስታወቂያ ይገለብጥለታል። ሌላው «ግራፊክስም ጨምርበት» ይላል። እንዲህ እየተጨመረ የምኞት ዝርዝር ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን በደንብ ማወቅሽ ለማመልከት ይበቃል። የማታውቂውን ግን አውቃለሁ ብለሽ እንዳትጽፊ። ሌላ ማንም ባይኖር ሰርቨሩ በወደቀ ቀን የሚፈልጉት አንቺን ነው።

ከደመወዙ ሌላ ስለ ሥራው የምትጠይቂው ሁለት ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዋናው ሥራዬ የቱ ነው? የጻፍኩትን ኮድ አይቶ የሚያርመኝ ሰው አለ ወይ? ለጀማሪ ከደመወዙ እኩል የምቆጥረው ይህችን ሁለተኛዋን ነው። የሚያርምሽ ሰው በሌለበት አንድ ዓመት ብትሠሪ የመጀመሪያው ወር ስህተትሽን አሥራ ሁለት ጊዜ ደገምሽው ማለት ነው።

የራሴን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ሥራዬ ከዚራ ውስጥ አንድ ቢሮ ነበር፤ «ፕሮግራመር» ተብዬ። ምንም አልጠየቅኩም፣ አፍሬ። ስምንት ወር ስቆይ የጻፍኩት ኮድ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የቀረውን ጊዜ የፕሪንተር ቶነር ስቀይርና በዚያ በድሬ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ገመድ ስጎትት ነው ያለፈው። ደመወዜ ስንት እንደሆነ ያወቅኩት ፔሮል ላይ ልፈርም ስል ነው። ማንም አልዋሸኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። የደመወዝ ዝምታ ግን ይነቅዛል። «በስምምነት» የሚለው ቃል ሁለቱም ወገን ቁጥር ሲኖረው ነው ትርጉም የሚሰጠው። ቀጣሪው በጀቱን ያውቃል። አንቺ ቁጥር ሳትይዢ ከገባሽ፣ መጀመሪያ የሚጠራው ቁጥር የእሱ ይሆናል፤ ያ ቁጥር ደግሞ ዝቅ ያለው ነው። ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ከወለሉ በታች ወረድክ ብለሽ የምትከራከሪበት ነገር የለም። ወለሉን ራስሽ ነሽ የምታበጂው።

የአባትሽን ነገር አልንቅም። እሱ ያየው ሥራ አጥቶ መቀመጥን ነው። ግን አንድ ነገር አስቢ። ከቤተሰብ ጋር ስለምትኖሪ ትንሽ ደመወዝም የሚበቃሽ ይመስልሻል። የቤት ኪራዩን፣ ምሳሽን፣ እራትሽን የሚችለው አባትሽ ነው። እንግዲያው የድርጅቱን ደመወዝ ግማሹን አባትሽ እየከፈለ ነው ማለት ነው። ሳቢያን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተሽ ብትኖሪ በወር ስንት ያስፈልግሻል? እሱን ጻፊው። ካንቺ አንድ ሁለት ዓመት ቀድመው የተመረቁ ሦስት ልጆችን ደግሞ ስንት እንደሚያገኙ ጠይቂ። ሁለቱን አስተያይተሽ ቁጥርሽን ያዢ።

ቁጥሩ ሲጠራ «የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ?» በይ። 12,000 ብር አሉሽ እንበል፣ ያልተጣራ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር 2,250 ብር ይሄዳል። ያንቺ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፣ 840 ብር። እጅሽ የሚገባው 8,910 ብር ነው። በተቃራኒው 12,000 እጅሽ እንዲገባ ከፈለግሽ ያልተጣራው ወደ 17,200 ግድም መሆን አለበት። ሁለቱም «አሥራ ሁለት ሺህ» ይባላሉ፤ ልዩነታቸውን አየሽው። ደግሞም «ደመወዙ ትንሽ ነው ግን አበል እንጨምርልሻለን» ካሉሽ ተጠንቀቂ። ጡረታውም የትርፍ ሰዓቱም የሚሰላው ከመነሻ ደመወዙ ነው። ቀጣሪው ላንቺ የሚያዋጣው 11 በመቶም ከዚያው ነው።

የስድስት ወሩ ሙከራ ደግሞ አላማረኝም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። በሳምንት ስድስት ቀን ከሠራሽ አሥር ሳምንት ነው። በጽሑፍም መሆን አለበት። ደግሞ ሕግ ወይም ደንብ ካልለየው በቀር በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ መብቱ እንደማንኛውም ሠራተኛ ነው። እንግዲህ ስድስት ወር በትራንስፖርት ብር ማሠራት ሙከራ አይባልም። ልምምድ ከሆነ ልምምድ ይበሉት፤ አስተማሪ ይመድቡልሽ፣ ጊዜውንም ያሳጥሩት። ይሄኛው ነጥብ ላይ ካልተመለሱ እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

«ጫናን ተቋቁሞ» የሚለውን በሰዓት አስተርጉሚው። ሕጉ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው የሚለው። ከዚያ ያለፈው በትርፍ ሰዓት ይከፈላል፤ ቀን ቀን በአንድ ተኩል እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። የጽሑፍ ውል ካልሰጡሽ ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

ፈተና ብለው ወደ ቤት የሚሰጡሽን ሥራም እዪው። ሁለት ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ትንሽ ልምምድ ከሆነ ችግር የለውም። «የሆቴላችንን የክፍል ማስያዣ ሲስተም ሠርተሽ አምጪ» ካሉሽ ግን ያ ፈተና አይደለም፣ ሥራ ነው። ዋናውን ዲፕሎማ እኛ ጋ ይቀመጥ ካሉሽም አትስጪ፤ አሳይተሽ ኮፒውን ስጪ።

አሁን ዛሬ ልትልኪው የምትችዪውን ጽሑፍ ላቅርብልሽ። በራስሽ ቃል አስተካክዪው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለጁኒየር ፕሮግራመር የሥራ መደብ ማመልከት እፈልጋለሁ። በሪአክትና በላራቬል የሠራኋቸውን ሁለት ሥራዎች አያይዣለሁ። ከማመልከቴ በፊት ሦስት ነገር ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዋናው ሥራ ምን እንደሆነ፣ ሥራውን የሚከታተል ልምድ ያለው ፕሮግራመር መኖሩን፣ እንዲሁም ለመደቡ የተያዘው ደመወዝ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነና የሙከራ ጊዜው እንዴት እንደሚከፈል። አመሰግናለሁ።»

«ገንዘብ አየች» የሚልሽ ሰው ይኖር ይሆናል። እሱ ጋ ባትቀጠሪ የሚቀርብሽ ነገር ብዙ አይመስለኝም። ድሬ ትንሽ ከተማ ናትና ቃናሽ ግን ትሁት ይሁን፤ ዛሬ ያልቀጠረሽ ሰው ነገ በሌላ በር ታገኚዋለሽ።

ጽሑፉን ጠዋት ላኪው። ድሬ ላይ ከሰዓት የተላከ ነገር ማታ ነው የሚነበበው፣ ያውም ከተነበበ። ሌላው፣ ከጥያቄሽ ጋር በላክሽልኝ ሲቪ ላይ ያስገባሽው የጊትሃብ (የጻፍሽው ኮድ የሚታይበት ድረ ገጽ) አድራሻ አይከፈትም፤ ሞክሬው ነበር። እሱን ሳታስተካክዪ እንዳትልኪ።