የሚያቃጥልሽ ቆሻሻ አይደለም፣ ፓውደሩን አትግዢ

እህቴ፣ «ለአካል ብቃት ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው፤ እዚህ ጎንደር የጎሃን ዳገት ስጀምር ወዲያው ጭኔ ይቃጠላል፣ ትንፋሼ ይቆረጣል። የጂም አሠልጣኜ ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብሻል፣ የሚያጥብ ፓውደር አለኝ አለኝ። ልግዛ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አትግዢ። ይቺን ታሪክ ከነፓውደሩ አውቃታለሁ። ስለ ጫማና ስለ ማሟሟቂያ ሌሎቹ ጽፈውልሻል፤ እኔ ያልተነገረሽን ልንገርሽ።

1. መጀመሪያ ጭንሽ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ እወቂ፤ ያንን ያወቀ ሰው በቀላሉ አይሸወድም። ጡንቻ የሚኮማተረው ኤቲፒ በሚባል፣ ሴል ለሥራው ኃይል በሚያገኝበት ሞለኪውል ነው። እንጀራውም በሶውም ሰውነትሽ ላይ ያለው ስብም ወደ ኤቲፒ ካልተቀየረ ለጡንቻ ምንም አይፈይድለትም። ሴል ደግሞ ኤቲፒን ብዙ አያጠራቅምም፤ በሙሉ ኃይልሽ ብትሮጪ ያለው ለጥቂት ሰከንድ ነው የሚበቃው። ስለዚህ እየተጠቀመበት እዚያው በዚያው ይሠራዋል። ፎስፎክሪያቲን የሚባለው ፈጥኖ ደራሽ እስከ 10 ሰከንድ ገደማ ያግዝሻል። ከዚያ ሸክሙ በግሉኮስ ላይ ይወድቃል። ግሉኮስ ያለ ኦክስጅን ሲሰበር ከአንዱ የሚተርፈው 2 ኤቲፒ ብቻ ነው። የተሰበረው ግሉኮስ ማይቶኮንድሪያ ወደሚባሉት የሴሉ የኃይል ማምረቻዎች ገብቶ በኦክስጅን ሲቃጠል ግን ወደ 30 ይሰጣል። ዳገቱን በሩጫ ስትጀምሪው ጭንሽ የሚፈልገው ኤቲፒ ማይቶኮንድሪያው ሊያቀርበው ከሚችለው በላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፈጣኑ ግን ትርፉ ትንሽ የሆነው መንገድ ጎልቶ ይሠራል፣ አሠልጣኝሽ ላክቲክ አሲድ የሚለው ላክቴትም ይበዛል።

2. ላክቴት ቆሻሻ አይደለም። ይቺን ያዢልኝ። ልብሽ ላክቴትን እንደ ነዳጅ ይጠቀምበታል፤ በዝግታ የሚሠሩት የእግርሽ ጡንቻዎችም እንደዚያው፤ ጉበትሽ ደግሞ መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል። ጆርጅ ብሩክስ የሚባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ላክቴት ከሴል ወደ ሴል የሚመላለስ ነዳጅ መሆኑን ሲያሳይ ኖሯል። ላክቴት ቆሻሻ ነው የሚለው የድሮው ሐሳብ በአብዛኛው የመጣው ከእንቁራሪት አካል ተቆርጦ ከወጣ፣ ደም ከማይዞርበት ጡንቻ ነው። ያቃጠለሽ ነገርም ላክቴቱ ብቻውን አይደለም፤ ጡንቻው ሲጨነቅ አሲድነትን የሚያመጣው ሃይድሮጅን አዮንና ሌሎችም ነገሮች አብረው ይጠራቀማሉ። ሩጫ ካቆምሽ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ላክቴቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ማንም አያጥበውም። በማግስቱና በሳልስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅትሽ የጡንቻ ክሮች በጥቃቅኑ ስለተጎዱ ነው፣ እሱም ከላክቴት ጋር አይገናኝም።

የእኔው አሠልጣኝ ግን «የላክቲክ ማጠቢያ» ብሎ የሸጠልኝ ነጭ ዕቃ ነበር፤ ክዳኑ ላይ የነበረው ወረቀት በጥፍር ተፍቆ ተነስቷል፣ የቀረው ሙጫው ነው። ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ስትቀምሺው ስኳርና ጨው ነው። በላዩ ላይ ደግሞ «አሲዱን ወደ ታች የሚያወርድ» ማሳጅ ለብቻው ይከፈላል። ከምን እንደተሠራ ስጠይቀው «ሳይንስ ነው፣ አይገባሽም» አለኝ። ሰው ፊት ነው ያለኝ። የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ግማሽ ወስዶብኛል፣ እስከ ዛሬም ያንገበግበኛል። ደግሞ ሌላው ጉዳት ይባስ ነበር፤ ትክክለኛው ችግር ሳይታይ ወራት አለፉ።

3. ወደዚያው ልምጣ። አንቺም እንደኔ ከቆላ የመጣሽ ይመስለኛል። እኔ ያደግሁት መተማ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ቢሆንም ግፊቱ ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምታስገቢው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ሰውነት ቀይ የደም ሴል እያበዛ ይለምደዋል፣ ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ ለዚያም ብረት ይፈልጋል። ብረት የሌለው ሰው ደጋ ላይ ቢከርምም መልመዱ ይጎተታል። ብረት ሄሞግሎቢን በሚባለው የቀይ ደም ሴል ፕሮቲን ውስጥ ኦክስጅን ይሸከማል ብቻ አይደለም፤ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኤቲፒ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ራሳቸው ብረት አላቸው። የወር አበባ ላለባት ሴት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ይሄን አንብቤ ነው ደም ልመረመር የሄድኩት። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ከስልኩ ቀና ሳይል «ሰውነትሽ እኮ ደህና ነው፣ ሩጫ ካቃተሽ ተዪው» አለኝ። ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲንም ይታይልኝ ስል «ማን ነገረሽ ደግሞ ፌሪቲን?» ብሎ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ። አልሄድኩም። ወረፋው እስኪያልቅ እዚያው መስኮቱ ሥር ቆምኩ። በመጨረሻ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ወጥታ ሰማችኝ፣ እዚህ አይሠራም ብላ የሚሠራበትን ቦታ በወረቀት ጻፈችልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣት። ውጤቱ ሲመጣ ሄሞግሎቢኔ ደህና፣ ፌሪቲኔ ግን ወለል ላይ ነበር። ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ የብረት ክምችት ባዶ ሊሆን እንደሚችል ያ መስኮት ላይ የነበረው ሰው ቢያውቅ ኖሮ ስንቷ ልጅ በተረፈች። አንቺም እዚያ ስትቆሚ ፌሪቲን በይ፣ ቃሉን ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ቢያመናጭቁሽም እንዳትመለሺ።

ሐኪሙ ባዘዘልኝ እንክብልና በምግብ ተመለስኩ። ምስርና ጎመን ስበላ ሎሚ እጨምቅበታለሁ፤ ቪታሚን ሲ ብረቱን ለመምጠጥ ያግዛል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አልጠጣም፣ ብረቱን ያስቀሩታል። ቤት ውስጥ ከምሳ ጋር ሻይ ማስቀረት ምን ያህል ጭቅጭቅ እንዳለው አትጠይቂኝ።

4. ዳገቱን ለጊዜው ተዪው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ጠዋት ጠዋት፣ ከጎንሽ ካለ ሰው ጋር ማውራት በምትችዪበት ፍጥነት ሩጪ። ቀርፋፋ ነሽ ይሉሻል፣ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆን ሆሎዚ የሚባል ተመራማሪ አይጦችን ለሳምንታት አስሩጦ የጡንቻቸው ማይቶኮንድሪያ ኦክስጅን የመጠቀም አቅም በእጥፍ ገደማ ማደጉን አሳይቷል። ማይቶኮንድሪያ ሲበዛልሽ ያው ዳገት ላይ ላክቴት የሚበዛው ዘግይቶ ይሆናል፤ የሚፈጠረውንም ጡንቻሽ ራሱ ይጠቀምበታል። ከዚያ በሳምንት አንዴ ዳገቱን ጨምሪ። እኔ አሁን ጎሃን ሳልቆም እወጣለሁ፤ ያን አሠልጣኝም መንገድ ላይ አልፌው አውቃለሁ።

ፈተናው ጾም ላይ ከዋለ ብዙ አትጨነቂ። ጡንቻሽ ውስጥ ያለው ግላይኮጅን፣ ማለትም የተከማቸው ግሉኮስ፣ ስትተኚ አያልቅም፤ ሌሊት የሚቀንሰው በዋናነት የጉበቱ ነው። ቀላሉን ሩጫ ጠዋት፣ ከባዱን ዳገት ደግሞ ልትፈቺ ስትቃረቢ አድርጊው፤ ወዲያው በሶ ወይም እንጀራ በሽሮ ታገኚያለሽ። የተፈተንሽ ዕለት አጭር ሩጫ ስለሆነ የምትጨርሺው ስንቅ አይኖርም፤ ማታውን በደንብ መብላት ይበቃሻል።

የብረት እንክብል ግን ከጓደኛም ከፋርማሲም ዝም ብለሽ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። መጀመሪያ ምርመራው።