አረንጓዴው ሻጋታ ከየት እንደጀመረ እዪው

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ 60 ከረጢት ኦይስተር እንጉዳይ ዘርተሽ በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ አረንጓዴ ለበሰ፤ በረኪና ልርጭበት ወይ ብለሻል። ተይ፣ አትርጪ! ከላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያነጣው፣ ሥሩ ገለባው ውስጥ ገብቷል።

ትራይኮደርማ የሚባለው ሻጋታ ነው። መጀመሪያ ነጭ ስለሚሆን የእንጉዳዩ ድር መስሎ ያታልላል። አረንጓዴ ሆነ ማለት ስፖሩን፣ ማለትም የሚራባበትን ዱቄት መሰል ዘር አፍርቷል ማለት ነው፣ ከረጢቱን ከፍተሽ ከነካካሽው ዱቄቱ ቦንኖ የቀሩትንም ይይዛቸዋል። ስለዚህ ሳትከፍቺ በሌላ ላስቲክ ጠቅልለሽ አውጪና ራቅ አድርገሽ ቅበሪ።

ከመቅበርሽ በፊት ግን አንዱን ከውጭ አገላብጠሽ እዪልኝ። አረንጓዴው በዘሩ ፍሬዎች (የእንጉዳዩ ድር ባደገባቸው የእህል ፍሬዎች) ዙሪያ ብቻ ከሆነ ዘሩ ሲመጣም ንጹህ አልነበረም። አፉና ቀዳዳዎቹ ጋ ከሆነ እጅ፣ አቧራ ወይም ትንንሾቹ ዝንቦች ናቸው ያመጡት። ገለባው መሃል እዚህም እዚያም ብቅ ካለ ደግሞ ገለባውን ከሻጋታ ለማጽዳት ያሞቅሽበት ሙቀት ሁሉም ጋ አልደረሰም። የአንቺ ይሄ የመጨረሻው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ገለባውን በርሜል ውስጥ ጠቅጥቀሽ እንደሞላሽውና ፉርሽካም አንድ አምስተኛ እንደጨመርሽበት ጽፈሻል። ፉርሽካ ለእንጉዳዩ ምግብ ነው፤ ለሻጋታውም ግን ድግስ ነው። በሙቅ ውሃ ብቻ የምትሠሪ ከሆነ ፉርሽካውን ለጊዜው ተይው። ገለባውን አጠር አጠር አድርገሽ ቁረጪ፣ ሳትጠቀጥቂ ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ይቆይ፣ ሙቀቱንም ከላይ ሳይሆን መሃሉ ላይ ለኪ። ከዚያ አጠንፍፊው። ጨምቀሽው አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ካወጣ ልክ ነው፣ ውሃው ከወረደ ገና ነው።

ሌላው የድሬ ሙቀት ነው። ሐረር ያለ ሰው ይሄን ያህል አይቸገርም። እንጉዳዩ ድሩን ሲዘረጋ ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ የከረጢቱ መሃል ከክፍሉ አየር ይበልጣል፣ እና አንቺ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደራርበሽዋል። እኔም አንድ ግንቦት ላይ እንደዚሁ ደራርቤ መሃል የነበሩትን በሙሉ አጥቻለሁ፣ ዳር ያሉት ግን ደህና ነበሩ። በመሃላቸው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ትተሽ ነጠል ነጠል አድርገሽ ደርድሪ፣ የክፍሉን ወለል ጠዋትና ማታ ውሃ አርከፍክፊበት፣ የከረጢቱ መሃል ከ28 ዲግሪ እንዳያልፍ ተከታተዪ።

ዘሩን ጎህ ሲቀድ ዝሪ፣ ነፋሱ ሳይነሳ። መጀመሪያ ግን 10 ከረጢት ብቻ ሞክሪና በ10ኛው ቀን ፎቶ ላኪልኝ።