2027፣ 2047 ወይስ 2116?

ጥያቄ፦ ልጄ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ትማራለች። ሰውን በሁሉም የሚተካከል ማሽን አንዱ በ2027፣ ሌላው በ2047፣ ሌላው ደግሞ በ2116 ይመጣል ይላሉ። ለምን ይህን ያህል ይራራቃሉ? ትምህርቷን ትቀይር?
የከዚራ አንባቢ

መልስ፦ ሦስቱም ዓመታት በአንድ መጠይቅ ውስጥ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 2,778 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎች ተጠየቁ። ማሽን ያለ ሰው እገዛ ማንኛውንም ተግባር ከሰው በተሻለና በርካሽ የሚሠራው መቼ ነው ሲባሉ፣ በአማካይ ለ2027 10 በመቶ፣ ለ2047 50 በመቶ ዕድል ሰጡ። «ተግባር» የሚለው «ሙያ» ሲሆን ግን 50 በመቶው ወደ 2116 ሸሸ። ድሬ ላይ ባቡሩ መቼ ይገባል ለሚል ሰው፣ የሰው ነው የጭነት? ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

50 በመቶም «ይመጣል» ማለት አይደለም፤ እስከዚያ ላለመምጣቱም እኩል ዕድል አለ። ግምቱ ራሱ ተንሸራታች ነው፦ ከአንድ ዓመት በፊት በ2022 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ መልሱ 2060 ነበር። የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ኸርበርት ሳይመንም በ1965 ማሽን በ20 ዓመት ውስጥ የሰውን ሥራ ሁሉ ይሠራል ብሎ ነበር። (አቆጣጠሩንም ይዩ፦ እነዚህ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ 2047 በእኛ 2039 ነው፣ ከመስከረም በኋላ 2040።)

ከዓመተ ምሕረት ይልቅ ሊለካ የሚችለውን ይከታተሉ። ሜትር (METR) የተባለ የምርምር ቡድን በ2025 እንዳሳየው፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች ግማሽ ግማሹን ጊዜ የሚያሳኩት የሶፍትዌር ሥራ ርዝመት በ7 ወር ገደማ እጥፍ ሲሆን ቆይቷል። ርዝመቱ የሚለካው ባለሙያ በሚፈጅበት ጊዜ ነው። ክሎድ 3.7 የተባለው ሞዴል በዚያ ልኬት አንድ ሰዓት ገደማ ደርሶ ነበር፤ 80 በመቶ እንዲያሳካ ሲፈለግ ግን ወደ 15 ደቂቃ ወረደ። አንዱ ምክንያት ስሌት ሊሆን ይችላል፦ በየደረጃው 99 በመቶ ትክክል የሆነ መሣሪያ እንኳ 100 ደረጃ ያለውን ሥራ ያለ ስህተት የሚጨርሰው 37 በመቶውን ጊዜ ብቻ ነው።

ልጅዎ ራሷ ትሞክረው። አንድ ሰዓት የፈጀባትን የፕሮግራም የቤት ሥራ ለአንድ ሞዴል በየጊዜው በአዲስ ገጽ 10 ጊዜ ትስጥ፤ ስንቱ መልስ ያለ እርማት እንደሠራ ትቁጠር፣ ስህተቱ ከስንተኛው ደረጃ እንደጀመረም ትጻፍ። መምህራኑ የሚሰጡትን ሌላ ዓይነት ሥራም ትጨምር፤ የሜትር ልኬት በአብዛኛው ሶፍትዌር ነውና ለሕክምና ወይም ለሒሳብ መዝገብ ያንኑ ፍጥነት መገመት ስህተት ነው። ትምህርቷን ግን በዓመት ትንበያ ተመርኩዛ አትቀይር።