400 ሰው ያለበት ግሩፕ 9 ሰው ብቻ ሲያወጣ

ሰላም ለሁላችሁ። የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ የጎንደር ከተማ ማራኪ አካባቢ ወጣቶች ክረምት ሳይገባ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ቤት ለመጠገን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ፤ 400 ሰው ገባ፤ ቅዳሜ ጠዋት የተገኙት ግን 9 ናቸው፤ ምን ይሻላል? ወጣቱ ሰነፈ ብላችሁ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት የጥሪያችሁን አጻጻፍ እዩት።

«ነገ ሁላችሁም እንድትገኙ» የሚል ጥሪ ማንንም በስም አይጠራም። 400 ሰው ሲያነበው እያንዳንዱ ሌላው ይሄዳል ብሎ ያልፈዋል። ደግሞም ለአንድ የጭቃ ቤት 400 ሰው አያስፈልግም፤ 12 ሰው ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ጠባብ ግቢ ውስጥ ግማሹ ቆሞ ይውላል። ስለዚህ ሥራውን ቆርሳችሁ ጻፉ፦ «ጭቃ የሚያቦኩ 5፣ ግድግዳ የሚመርጉ 4፣ አናጺውን ቆርቆሮ ላይ የሚያግዙ 2፣ ውኃ የሚያመላልስ 1፤ ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 6 ሰዓት፤ አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ»። «ከጠዋቱ» የሚለውን አትተዉ፤ የአንዳንዱ ስልክ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ሰው ይሳሳታል።

ከጥሪው ሥር የምርጫ ድምፅ መስጫ (ፖል) አድርጉ፤ ስም የሚደብቀውን ማብሪያ ግን አጥፉት። ማን «እመጣለሁ» እንዳለ ካልታየ ድምፁ ለምንም አይጠቅምም። ከዚያ ዋናው ሥራ ይጀምራል፦ ስልክ መደወል። አባላቱን በየሰፈራቸው ከ8 እስከ 10 ሰው እያደረጋችሁ ለእያንዳንዱ ቡድን አስተባባሪ መድቡ። አስተባባሪው ሁለት ቀን ሲቀረው አንዴ፣ በዋዜማው ማታ አንዴ ይደውላል። «እሞክራለሁ» ያለውን እንደማይመጣ ቁጠሩት። 12 ከፈለጋችሁ 16 አረጋግጡ።

ይህ የስልክ ዝርዝር በወረቀት ይኑር፦ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ ሙያ፣ የሚመቸው ቀን። በ2015 ክረምት በአማራ ክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም፤ አባሎቹን በቴሌግራም ብቻ የሚያውቅ ቡድን እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ይበተናል። በአጭር መልእክት ስትልኩ ደግሞ በፊደላችን የተጻፈ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ካለፈ እንደ ሁለት ይከፈልበታል። ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓትና የሚደወልበት ቁጥር ከገባ ሌላው ይቅር። ስማርት ስልክ የሌላቸውን እናቶችና አባቶች የምታገኙት በእድሩ ጥሩምባ ነፊ፣ ከቅዳሴና ከስግደት በኋላ በሚነገር ማስታወቂያና በከተማው ኤፍኤም ጣቢያዎች ነው። ለሬዲዮ የምትልኩት ጽሑፍ በግማሽ ደቂቃ የሚነበብ ይሁን፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ስጡ።

ቀኑም ይታሰብበት። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ብዙ ልጆች ቤተሰብ ያግዛሉ። ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ማርያም 21፣ መድኃኔዓለም 27 ላይ ጭቃ አቡኩ ማለት ቤቱ የሚጠገንላቸውን እናት ራሳቸውን ያስቀይማል። ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ ሶላት በፊት ሥራው ይብቃ። ሌላው ብዙ ቡድን የሚስተው ጭቃው ራሱ ነው፦ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ካልሰነበተ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከላይ በአንድ ጥሪ የጻፍኳቸው ማቡካቱና ምርጊቱ በሁለት የተለያዩ ቀናት ጥሪ ይደረግላቸው፤ 5ቱን ቀድማችሁ፣ ሌሎቹን በኋላ ጥሩ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የፈረቃውን ቀን ጠይቃችሁ በርሜሉን በዋዜማው ሙሉ። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ቆርቆሮ ከመነካቱ በፊት ፈቃዱ በጽሑፍ ይያዝ።

አሁን አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊ ቤት የት እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ 400 ሰው ባለበት ግሩፕ ላይ አትልቀቁ፤ ለሚመጡት 12 ሰዎች ብቻ ላኩ። ፎቶም ሲነሣ ጣሪያውን፣ ግድግዳውንና የሚሠሩትን እጆች አንሡ እንጂ እንባቸውን አታንሡ። ፊታቸው የሚታይ ከሆነ ፎቶውን በስልኩ አሳይታችሁ፣ ማን እንደሚያየው ነግራችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ጥያቄውም ሥራው ካለቀ በኋላ ይሁን፣ እምቢ ካልኩ ቤቴ ሳይጠገን ይቀራል ብለው እንዳይፈሩ። እርዳታ የተቀበለ ሰው ጎረቤቱ ፊት አንገቱን እንዲደፋ የሚያደርግ ፎቶ ብዙ ብር ቢያስገኝም አይለጠፍ።

ብሩ በአንድ ልጅ ቴሌብር አይሰብሰብ፤ ልጁ ታማኝ ቢሆንም ለሐሜት ትዳርጉታላችሁ። በእድሩ ወይም በሦስት ሰዎች ስም የባንክ ሒሳብ ተከፍቶ ሁለቱ ሲፈርሙ ይውጣ። የገባውን፣ የወጣውንና የደረሰኙን ፎቶ በየሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን ለጥፉ፤ ምንም ካልገባም «አልገባም» ብላችሁ ጻፉ። አጭበርባሪ የግሩፑን ስምና ፎቶ ገልብጦ ሌላ የሒሳብ ቁጥር ይዞ ለአባላት በውስጥ መስመር ይጽፋል፤ ስለዚህ ትክክለኛውን ቁጥር ከግሩፑ ላይ ሰክታችሁ (ፒን አድርጋችሁ) «በውስጥ መስመር ገንዘብ አንጠይቅም» የሚል ጨምሩበት። የአባላትን ዝርዝር ደብቁ፤ የግሩፑን ስምና ፎቶ የመቀየር መብት ለአስተዳዳሪዎች ብቻ ይሁን፤ ሁሉም አስተዳዳሪዎች ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል (በስልክ ከሚላከው ኮድ ሌላ የሚጠየቅ ተጨማሪ የይለፍ ቃል) ያብሩ። የግሩፑ ባለቤት ከከተማ ሊወጣ ሲል ባለቤትነቱን ለሌላ ለማዛወር ይህ የይለፍ ቃል ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ የበራ መሆን አለበት፤ ተማሪዎች ካሏችሁ ሰኔ ሳይደርስ ዛሬውኑ አስተካክሉት።